«አልዋጠችም»

እናቴ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ምላለች። የማለችውም ስለ እኔ ሆድ ነው።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቴ ተድሬ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር ሁለት ሰዓት ገባ ብሎ ካለ መንደር አራት ዓመት በትዳር ኖሬ ልጅ አልወለድሁም። የባሌ እናት መጀመሪያ ታገሡ፤ ቀጥለው ጠበል አስጠመቁኝ፤ በመጨረሻ ይመለከቱኝ ጀመር። ያዩትም ይህ ነው፦ በየወሩ ሦስት አራት ቀን ተጣጥፌ እተኛለሁ። ከልጃቸው ጋር መተኛት እሸሻለሁ። ደግሞ አንድ ቀን ከጎተራው ጀርባ ቆሜ ነጭ የመድኃኒት ፍሬ ወደ አፌ ስከት አገኙኝ። ሦስቱን ደመሩ። ድምራቸው ሸጋ ነበር፤ ማንም ቢደምር እዚያው ይደርሳል።

«ይቺ ልጅ መከላከያ ትውጣለች» አሉ።

ነጩ ፍሬ የጨጓራ ነበር። ሕመሙ ሲበረታብኝ ከገበያ ሴቶች ጋር ተደባልቄ ወርጄ አምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ ገብቼ ነበር። ካርድ የያዘው ጎልማሳ «ምንሽን ነው?» አለኝ። «ሆዴን ነው» አልሁ። በኛ አገር በወጉ ያደገች ሴት ከዚያ ወዲያ አትሄድም። ሆድ ሰፊ ነው፤ ጨጓራም አንጀትም ማህፀንም እዚያው ነው፤ ቂምም የሚያድረው፣ ምሥጢርም የሚቀመጠው እዚያው ነው። «ስትበዪ ነው ወይስ ስትራቢ የሚብስሽ?» አለኝ። «ሁለቱንም» አልሁት፤ እውነቴን ነበር። በወረቀት ጠቅልሎ የሚታኘክ ነጭ ፍሬ ሰጠኝና ቀጣዩን ጠራ።

ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። ሽማግሎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ትይዩ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ፤ እኔ ከሴቶቹ ኋላ ቆምሁ።

«በየወሩ ሆዷን ይዛ ትንከባለላለች» አሉ የባሌ እናት። «ምነው፣ እኛስ ሆድ አልፈጠረብን? የምትውጠው መድኃኒት ነው እንዲህ የሚያንከባልላት።»

«ያየሽውን ተናገሪ፤ የጠረጠርሽውን ለእግዜር ተዪለት» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ነጭ ፍሬ አይቻለሁ! በዓይኔ በብረቱ!»

እናቴ እስከዚያ ድረስ አንገቷን ደፍታ ነበር። ተነሣች። ነጠላዋን አደገደገች። «አያ፣ ይብቃ» አለች ሽማግሌውን። በሰዎቹ መካከል አልፋ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ደረሰች፤ መቃኑን በቀኝ እጇ ያዘች።

«ልጄ አንዳች አልዋጠችም። ውጣ እንደሆነ ምድር ትዋጠኝ።»

ሽማግሎቹ ክሱን ዘጉት። የባሌ እናት እንኳ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ትዳሩ ፈረሰ፤ መፍረሱ አልቀረም። ግን ከዚያ ቤት የወጣሁት እንደ መካን ነው እንጂ እንደ ከዳተኛ አይደለም። በኛ አገር በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ነው፤ ለመካን ሰው ያዝንላታል። ያን ርቀት የገዛችልኝ እናቴ ናት፣ በራሷ ነፍስ።

እኔ ግን ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ያሰብሁት ሌላ ነበር። የጨጓራው ፍሬ የሚታኘክ ነው። አኝኬዋለሁ እንጂ አልዋጥሁትም። ስለዚህ እናቴ እውነት ምላለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ በልቤ ይህን ያህል የሙጥኝ ያልሁት ክርክር ግን የለም።

ጎንደር ለዘመድ ቤት ሥራ እንዳግዝ ተላክሁ። ፊደል የቆጠርሁት እዚያ ነው፤ በሃያ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት፣ ከዘበኞችና ከእንጀራ ሻጮች ጋር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቃል ያጠብቃል። ሌላው ልጅ ሆኖ በዘፈቀደ ያነሣውን እኔ በትልቅ ሰው እጅ ነው ያነሣሁት፤ ስለዚህ የተሳሳተ ቃል ስሰማ ጥርሴን እንደ አሸዋ ይፈጨኛል። ዛሬ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ነኝ። ተማሪዎቹ በኋላዬ «እመት ነጠላ ሰረዝ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

ሕመሙ ግን ከእኔ ጋር ጎንደር ገብቶ ነበር። ከአንድ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሄድሁ፤ በየደረስሁበት «ሆዴን ነው» አልሁ። ለጨጓራ ታከምሁ። ለአሜባ ታከምሁ። ለታይፎይድ ሁለት ጊዜ ታከምሁ። አንዱ «በርበሬ ተዪ» አለኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልጫ በላሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ በቃል የምነታረክ ሴት ሆኜ፣ አንዲቱን ቃል አላቃናሁም። ሕመሙ መጥቶ የሚሄደው ከወር አበባ ጋር መሆኑን አውቅ ነበር። የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርሁም። ከእናቴ እስከ ጎረቤት ድረስ የሰማሁት አንድ ነገር ነው፦ ሴት ልጅ ያማታል፣ ስትወልድ ይለቃታል። እኔ አልወለድሁም፣ ስለዚህ አልለቀቀኝም። ይህም ሸጋ ድምር ነበር።

በሠላሳ አንድ ዓመቴ ያየችኝ ሐኪም በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ሴት ነበረች።

«ምንሽን ነው?»

«ሆዴን ነው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሆድ ስንት ዕቃ የያዘ ቤት ነው። እጅሽን የሚያምሽ ላይ አድርጊው።»

አደረግሁ። ከእምብርቴ በታች፣ ወደ ግራ።

«ይኼ ሆድ አይደለም። ስሙን በይው።»

«ማህፀኔን» አልሁ። ቃሉን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ጆሮዬ ጋለ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀችኝን ሁሉ መለስሁ፦ በወር አበባዬ ሰሞን ሽንት ቤት ስቀመጥ እንደ ጩቤ እንደሚወጋኝ፣ ከባሌ ጋር በነበርሁበት ጊዜ ትንፋሼ እስኪቆረጥ ያመኝ እንደነበር፣ ወገቤን፣ እግሬን። አልትራሳውንድ አነሣችኝ። ግራ እንቁልጢዬ፣ እንቁላል የሚያፈራው ዕቃ ላይ፣ ያረጀ ደም የቋጠረ ከረጢት አገኘች።

ስሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው አለችኝ። አስደገምኋት፤ አጻፍኋት። የማህፀንን ውስጥ የሚሸፍነውን ልባስ የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፤ በየወሩ ወቅቱን ጠብቆ እሱም ይደማል፤ ደሙ መውጫ የለውም። እዚያው ይቆጣል፣ ይጠጥራል፣ አንዱን ዕቃ ከሌላው ያጣብቃል። ልጅ ሊያሳጣም ይችላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ከዚያ የምወስደውን ነገረችኝ፤ ለሕመሙ ማስታገሻ፣ ሳይብስ ገና ሲጀምር የሚወሰድ። ለደሙ ደግሞ የወሊድ መከላከያ ፍሬ፣ በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ።

ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቃል?»

«ልጅ አጥቼ ነው ከትዳር የወጣሁት።»

አልሳቀችም። «ፍሬው ያንን ሥራም ይሠራል። ላንቺ የታዘዘው ግን ደሙን ሊያሳርፍ ነው። ነጮቹን ዋጪ። ቡናማዎቹን ሰባቱን ተያቸው፣ ብረት ብቻ ናቸው፤ ነጩ ሲያልቅ አዲስ እሽግ ጀምሪ።»

«ያድነኛል?»

«አያድንሽም። ያስታግሥልሻል።»

በሁለቱ ግሦች መካከል ያለውን ልዩነት ስላልደበቀችኝ አመንኋት።

በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል፤ እውጣለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ አደረግሁ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ግን ቁጭ ብዬ እንድሠራ ፈቀደልኝ። ከየእሽጉ የተረፉትን ሰባት ሰባት ቡናማ ፍሬዎች በብስኩት ቆርቆሮ አጠራቀምሁ። መድኃኒት ሜዳ ላይ አይጣልም፤ አንድ ቀን ለክሊኒኩ እመልሳለሁ ብዬ ነው።

ለእናቴ አልነገርኋትም። እንዴት ብዬ?

እናቴ ወደ ጎንደር የመጣችው ለዓይኗ ነው። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን ይወጋታል፤ ለዓመታት በወረንጦ እየነቀለች ኖራለች። ሐኪም ሊያቃናላት ቀጠሮ ያዝሁላት። ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቅዳሜ እኔ ገበያ ወጥቼ ስመለስ ወለል ላይ ተቀምጣለች። የብስኩቱ ቆርቆሮ ተከፍቷል። እሽጎቹን በጉልበቷ ላይ ደርድራቸዋለች።

«ወረንጦዬ ጠፍታኝ» አለች። «ያንቺን ስፈልግ ነበር።»

ማንበብ አትችልም። ማንበብ ግን አላስፈለጋትም፤ ያንን እሽግ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየወሩ መንደር ለመንደር ታድለዋለች። ነጭና ቡናማውን የማይለይ ሰው በአገራችን የለም።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው እማ።»

«የምንሽ?»

«የሆዴ» ብል ይበቃት ነበር። ዛሬም አስበዋለሁ። እኔ ግን በሠላሳ አንድ ዓመቴ ያገኘሁትን ቃል ለማንም አሳልፌ መስጠት አልፈለግሁም። «የማህፀኔ» አልሁ።

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች፤ ልክ እንደዚያች ቀን የባሌ እናት። «ከመቼ ወዲህ ነው የምትውጪው?»

«ሦስት ዓመት።»

«ሦስት ነው? ወይስ ከባልሽ ቤት ጀምሮ?»

ዕቃዬን አስቀምጬ ፊት ለፊቷ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ከሐኪሟ የሰማሁትን ሁሉ እሷ በምታውቀው ነገር ልነግራት ሞከርሁ። «እማ፣ ሳር ክዳን ላይ የወደቀ ስንዴ ሲበቅል አይተሽ የለም? ስንዴው ያው ስንዴ ነው፤ ክፋት የለበትም። የበቀለበት ቦታ ግን ቦታው አይደለም። በኔም እንደዚያ ነው የበቀለው።»

«እሱስ ቤት ያፈርሳል» አለች።

«አዎ። ፍሬው እንዳይበረታ ነው የሚይዘው።»

«ያኔስ? በባልሽ ቤት ሳለሽ ሕመሙ ነበረ?»

«ነበረ።»

«ታዲያ ያኔ ምን ዋጥሽለት?»

«አልዋጥሁም። የጨጓራ ነው የሰጡኝ። እሱም የሚታኘክ ነው፤ አኘክሁት።» አሥራ አምስት ዓመት የያዝሁትን ክርክር እንደ ማስረጃ አወጣሁት። የሚያድነን መስሎኝ ነበር።

እናቴ ቀይ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። «በአፍሽ ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«ተፍተሽዋል?»

«አልተፋሁም።»

«እንግዲህ ውጠሻል።» እሽጎቹን አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮው መለሰቻቸው። «አንዳች ብያለሁ እኮ። አንዳች አልዋጠችም ነው ያልሁ።»

መሐላው ስለ ልጅ መከላከያ ነው አልኋት። መሐላው ስላለፈ ነገር ነው፣ ከዚያ በኋላ የዋጥሁትን አይጨምርም፣ ግሡ ያለፈ ነው አልኋት። የሰዋስው መምህር እንደሚከራከር ተከራከርኋት። መጨረሻዬን ጠብቃ፣ «ምድርስ መዋጧ አይቀርም» አለች። «በዚህ መሆኑ ነው እንጂ።»

ዓይኗ ተቃና። አገሯ ተመለሰች። ከሳምንት በኋላ የንስሐ አባቷ ቀኖና እንደሰጧት ሰማሁ፤ ጾምና ስግደት፣ እስከ ፍልሰታ ፍቺ። ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋት፣ ጉልበቷ የሚንቋቋ ሴት። የሐኪሟን ወረቀት ይዤ በሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ ሄድሁ፤ ከዚያ በእግር። ቄሱን ከደጀ ሰላሙ አገኘኋቸው።

«የእናትሽን ኑዛዜ አልነግርሽም» አሉ ወረቀቱን ሳያዩ። «ይህን ግን ልንገርሽ። መማል ራሱ የተከለከለ ነው፤ የተማለው እውነትም ቢሆን።»

ሮጬ ለእናቴ ነገርኋት። ቀኖናው ስለ መማልሽ ነው፤ ስለ ሐሰት አይደለም አልኋት።

«አንቺ ከእኔ ጋር ተናዝዘሽ ነበር?» አለች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ ግንባሯን ወደ መሬት አደረሰች። ግንባሯ ላይ አቧራ ነበር። እየቆጠርሁ ቆምሁ፤ ሃያ ሦስት ላይ መቁጠሩን አቆምሁ። ስታበቃ ግድግዳውን ይዛ ተነሣችና «አንቺ እየዋጥሽ እኔ ብሰግድ ምን ይረባል?» አለችኝ። «ቀኖናዬን እስክጨርስ ተይልኝ። አልለምንሽም ነበር። ነፍሴ ናት።»

ተውሁላት። ሐኪሟን አላማከርሁም፤ የምትለውን ስለማውቅ ነው። ስልኬ በየጠዋቱ ይጮኽ ነበር፤ አላጠፋሁትም። የመጀመሪያው ወር በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ወር ወንበሬ ላይ ትራስ አደረግሁ። በሦስተኛው፣ በአንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያውን ጨብጬ ከነመጻሕፍቱ ወደቅሁ። የታሪክ መጻሕፍት ነበሩ፤ አወዳደቃቸው ቅደም ተከተላቸውን እንዳበላሸው ማሰቤ ትዝ ይለኛል። ከረጢቱ ፈንድቶ ነበር። በዚያው ቀን ግራ እንቁልጢዬንና ቱቦውን አወጡ።

ሐኪሟን ስነቃ ጠየቅኋት። «በማቆሜ ነው?»

«በማቆምሽ ነው ማለት አልችልም» አለች። «አይደለም ማለትም አልችልም።»

እናቴ በአራተኛው ቀን ማለዳ መጣች፤ መንገዱ ተዘግቶ ቆይቶ ማታ ደርሳ ዘመድ ቤት አድራ ነው። ቀኖናዋ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ግንባሯ መሐል ላይ ትንሽ ጥቁር ጠባሳ አውጥታለች። የጋቢዋን ጥለት አሻሸች።

«ምንሽን ነው የቆረጡሽ?»

ስሙን አውቀዋለሁ። በግዕዝ ፊደል፣ ያለ አንዲት ግድፈት ልጽፈው እችላለሁ። አንደኛው እንደ ቀረልኝም፣ ሐኪሟ ያለችውንም፣ ያላለችውንም አውቃለሁ። ብነግራት መቼ እንዳቆምሁ ትቆጥራለች። ድምር ታውቃለች።

«ሆዴን ነው እማ» አልሁ።

በተቃናው ዓይኗ አየችኝ። «ሆድሽን» አለች። ጥያቄ ይሁን ሌላ አላወቅሁም።

ስልኬ ጮኸ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሐኪሟ እንደገና እንድጀምር አዝዛኝ፣ አዲሱ እሽግ ከትራሴ አጠገብ ባለው ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ እናቴ እስክትሄድ ድረስ ላወጣው አላሰብሁም። ስልኩን አጠፋሁት። እሷ ግን ያን ጩኸት ከቤቴ ታውቀዋለች፤ እጇን ወደ ቦርሳዬ ሰደደች። እሽጉን አወጣች፤ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ነጯን ተጭና ከእሽጉ አስወጣችና መዳፌ ላይ አኖረቻት። የውኃውን ብርጭቆ ያዘችልኝ።

«ዋጪ» አለች። «እኔን ምድር ስትውጠኝ ትዋጠኝ።»

ዋጥሁ። ውኃው አንገቴ ላይ ፈሰሰ፤ በጋቢዋ ጫፍ ጠረገችው።